አርባ ሁለት ሲቀነስ አርባ አንድ

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዛሬ ትምህርት ቤቴን ከፈትኩ። ተማሪ አንድ፣ አስተማሪ አንድ፣ የድስት ክዳን አንድ። ክዳኑ ደወል ነው፤ በጭልፋ ሲመታ የሊሙሩን ከተማ በሙሉ ይቀሰቅሳል። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅያለሁ። ፕሮግራም አውጥቼ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌአለሁ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ንባብ፣ ከሦስት እስከ አራት ሒሳብ፣ ሩብ ሰዓት እረፍት።

ልጄ ንዱታ የትምህርት ቤቷን አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ መጣች። ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። «ማን ልበሺ አለሽ?» ብላት «ትምህርት አይደል እንዴ?» አለችኝ። ተውኳት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥራዋለች።

ለምን እንደጀመርኩ ልጻፈው፣ በኋላ እንዳልረሳው። ኤፕሪል ላይ የትምህርት ቤቱ ተርም ሊዘጋ ሲል ጆሮዋ ጫፉ ላይ በጥፍር ተቀዶ መጣች። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ወድቄ ነው» አለች ጫማዬን እያየች። በጆሮው የሚወድቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፊደል ገልብጣ ስለጻፈች ቲቸር ሙዌንዴ ቆንጥጣት ነው። ለካ ውሸቱንም እዚያው ተምራዋለች።

ሄድኩ። መምህራኑ ሁሉ ባሉበት ጮህኩባት። ሴትዮዋ ጠመኔዋን ከጣቷ ላይ እየጠረገች፣ እንደ ወጉ በልጄ ስም ጠርታኝ፣ «ማማ ንዱታ፣ አንቺ አርባ ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ያዢና ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ። «አርባ ሁለትም ይሁኑ አንድ፣ ልጅ አይቆነጠጥም!» አልኳት። ጥሩ መልስ ነበር። እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል።

በወሩ መጨረሻ ከአበባ እርሻው ቢሮ ሥራዬን ለቀቅኩ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ለገዛ ልጄ ፊደል ማስቆጠር ያቅተኛል?

እሑድ፣ ሜይ 11

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አማቴ ቤት ምሳ። አማቴን አገሩ ሁሉ «ማዳም» ይላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው በርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ ናቸው። የማታቱ ታክሲ ረዳቱ ሳይቀር «ማዳም፣ ከፊት ይቀመጡ» ይላቸዋል፤ ሁለተኛ ክፍል አስተምረውታልና። እኔ ፊት ለፊት «እማማ» እላለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማዳም ናቸው።

ንፍሮው ገና ሳይቀርብ ጀመሩኝ።

«ዋይሪሙ፣ ትምህርት ቤት ከፍተሻል አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«መልካም። ስልጠናውን የት ወሰድሽ?»

ባሌ ጊታው ሳህኑን አየ። እናቱ ፊት ሳህን በማየት የሚስተካከለው የለም።

«እናት ለመሆንም ስልጠና አልወሰድኩም፤ ልጅቷ ግን ይኸው አድጋለች» አልኳቸው።

«እናትነትና አስተማሪነት አንድ ቢሆን ኖሮ፣ ለእኔ ሠላሳ አራት ዓመት ምን ብለው ደሞዝ ይከፍሉኝ ነበር?»

ከዚያ ፈረዱ። ሦስተኛው ተርም ኦገስት 25 ይከፈታል። በዋዜማው እሑድ ራሳቸው ይፈትኗታል። አንድ ገጽ ካነበበች እኔው ጋ ትማራለች፣ እሳቸውም አፋቸውን ይዘጋሉ። ካላነበበች ትመለሳለች። ጊታው «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩ ነው!

ስንመለስ መንገድ ላይ «ከእኔ ጋር የማትቆመው ለምንድነው?» አልኩት።

«ሦስተኛ ክፍል እናቴ ነበረች ያስተማረችኝ» አለ።

«እና?»

«እና ምንም።»

ነገ ጠዋት ወደ ናኩሩ ከተማ፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። አርብ ማታ ይመጣል። ባል ማለት ለኔ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ስለ ስሙ ልጻፍ። እኛ ጋ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች፤ አማራጭ የለውም። ስለዚህ ማዳምም ንዱታ ናቸው፣ ልጄም ንዱታ ናት። ጊታው ልጁን «እናቴ» እያለ ነው የሚጠራት። ማዳም ደግሞ ስሟን ጠርተው «አንቺ እኔ ነሽ» ይሏታል። ሁለቱም እንደ ቀልድ አይቆጥሩትም።

ለእኔ ያለው ትርጉም አንድ ነው፤ ልጄን በስሟ ጠርቼ መቆጣት አልችልም። አማትን በስም ጠርቶ መሳደብ ነውር ነው። ስቆጣ «አንቺ» እላለሁ። ዛሬ ብዙ ጊዜ «አንቺ» ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 21

ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶች ዋትስአፕ ላይ ቡድን አላቸው። ገባሁ። መሪያቸው ማማ ኢማኒ ትባላለች፤ አራት ልጆች፣ አንድም የተበጠበጠ ጸጉር የለ። ፎቶ ትለቃለች። ትልቁ ዳቦ እየጋገረ ክፍልፋይ ይማራል፣ ትንሹ ቦሎቄ በቀለም በቀለሙ ይለያል፣ እሷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ትስቃለች። ቦሎቄ የሚለይ ልጅ ያለባት ሴት ነጭ ሸሚዝ ከየት አመጣች?

ምክር ጠየቅኳት። «ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ መጀመሪያ ይረፍ፣ እህቴ። በትምህርት ቤት ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር። አታስተምሪ፤ አብራችሁ አብስሉ፣ አብራችሁ ሳቁ» አለችኝ።

ንዱታ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ቆይታለች። ሦስት ወር ስስቅ ኦገስት ደረሰ። አንቺ አማትሽ ማዳም አይደሉማ፣ እህቴ።

ሐሙስ፣ ሜይ 29

ችኮላ። ዝናብ። የከሰል ምድጃው አጨሰ። ንዱታ ዛሬ ሁለት ቃል አነበበች፣ ከሰዓት ሁለቱንም ረሳች። ደወል አምስቴ።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

አንድ ማስመሪያ ገዛሁ። ጠረጴዛውን ለመምታት ብቻ። ድምፁ ሐሳቧን ይሰበስበዋል።

ሰኞ፣ ጁን 9

ሻይ ቅጠል ለቃሚዎቹ ጠዋት በበራችን ሲያልፉ አንደኛዋ «ያቺ ልጅ አሁንም ትምህርት ቤት አትሄድም? ታማ ነው?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «እናቷ ናት የታመመችው» አለቻት። ተሳሳቁ። ወጥቼ ልመልስላቸው አሰብኩና የድስቱን ክዳን መታሁት፤ ከሁልጊዜው ጠንከር አድርጌ።

ረቡዕ፣ ጁን 11

የንዱታን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ፀሐይ የት አለና፣ ጭጋግ ላይ አወጣሁት ማለት ይሻላል። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ከሦስት ዓመቷ ወዲህ አልጋ ላይ ሸንታ አታውቅም። ብርዱ ይሆናል። ዘንድሮ የሊሙሩ ብርድ ጉድ ነው።

ማማ ኢማኒ ዛሬ የለቀቀችው፤ ልጆቿ ለአያታቸው በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ። የልብ ምልክት ልኬላት ስልኩን ወረወርኩት።

እሑድ፣ ጁን 15

«ማማ፣ ዛሬ እሑድ ነው?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። አዎ ስላት አልጋው ላይ ዘለለች። ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን ዋለች። ማታ ላይ «ነገስ እሑድ ነው?» አለች።

አብረን ቻፓቲ ጋገርን። ዱቄቱን ፊቴ ላይ ቀባችኝ፣ እኔም ቀባኋት። ጊታው ፎቶ አነሳን። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ማን እንደሆነች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ከሰኞ እስከ አርብ አላውቃትም።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ልብ ያልኩት ነገር። ከሁለት ሰዓት በፊት «ማማ» ትለኛለች። ክዳኑ ከተመታ በኋላ «ቲቸር» ትለኛለች። እኔ አላዘዝኳትም። ለጊታው በስልክ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «አልሰማኸኝም?» ስለው «ሰምቻለሁ» አለ።

ሐሙስ፣ ጁን 26

ዛሬ ጆሮዋን ትንሽ ነካ አደረግኋት። ዞር እንድትልልኝ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ንዱታን አስተኝቼ ነው የምጽፈው።

ንባብ ላይ ነበርን። ትናንት አሥር ጊዜ ያነበበችው ቃል፣ አራት ፊደል። ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ ጠየቅኳት፣ እኔን ታያለች። ደግሜ ጠየቅኳት፣ የሹራቧን እጅጌ ታኝካለች። ሦስተኛ ጠየቅኳትና «ፍየል?» አለችኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ቃል ሁሉ ለሷ ፍየል ነው። ያን ጊዜ ጮህኩ።

«ንዱታ! አንቺ ደነዝ ንዱታ! ጭንቅላትሽ ውስጥ ምንድነው ያለው?»

ከበረንዳው ላይ የአሮጊት ድምፅ «አቤት» አለ።

ማዳም በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፤ የድንች ዘንቢል አንጠልጥለዋል፣ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ነው። «አቤት፣ ደነዟ ንዱታ መጥቻለሁ» አሉና ተቀመጡ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ስትደርሺበት ለእኔም ንገሪኝ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት።»

ትንሿ ንዱታ ሳቀች። ባለፉት ሁለት ወራት በትምህርት ሰዓት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ላይ ነው የሳቀችው። ማዳም ድንቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ፣ ባዶ ዘንቢላቸውን ያዙ፣ ሄዱ። ሻይ እንኳ አልጠጡም።

ከሄዱ በኋላ ልጄ ቀስ ብላ «ማማ፣ ሾሾም ደነዝ ናት?» አለችኝ። አያቷን ሾሾ ነው የምትላቸው። «ማንም ደነዝ አይደለም» አልኳት። «እኔም?» አለች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

አሥራ ሁለት ቻፓቲ ጋግሬ ማዳም ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ወጉ ነው። ተቀበሉኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ ቻፓቲውን አንድ በአንድ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ለእኔ ነው። ለትንሿስ ምን ወሰድሽላት?»

«ለልጅ?»

«የሰደብሽው ሁለት ንዱታ ነው።»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ልጅን ይቅርታ ስጠይቅ! ነገ ደግሞ ፈቃድ ልጠይቃት ይሆናል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ማታ ከመተኛቷ በፊት ሦስቱን የንባብ መጻሕፍት እኔው አነብላታለሁ። የማማ ኢማኒ ምክር ነው፤ ነጭ ሸሚዝም ቢኖራት ይሄኛው ምክሯ ጥሩ ነው። በዚያ ሰዓት ማስመሪያም ክዳንም የለም። እቅፌ ውስጥ ትገባለች። እግሯ በረዶ ነው፣ በጭኔ መሃል ታሞቀዋለች። አንድ ቃል ብዘል «እሱን ዘለልሽው!» ብላ ታርመኛለች። የቀኔ ጥሩ ሰዓት እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

አነበበች!!

የፍየሏን መጽሐፍ። አሥራ ስድስት ገጽ፣ አንድ ሳትስት! «አንዲት ፍየል ውሃ ፍለጋ ወረደች» ብላ ጀመረች፣ እስከ መጨረሻው እንደ ውሃ ወረደችው። አለቀስኩ። አቅፌ አዞርኳት። «አስደሰትኩሽ?» አለች። «በጣም!» «ዛሬ ማስመሪያው አይወጣም?» «አይወጣም!»

ሦስት ወር ሰው ሲስቅብኝ ከረመ። ይኸው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

ሁለተኛውን መጽሐፍም። ቪዲዮ ቀርጬ ለእናቶቹ ላክሁ። ማማ ኢማኒ ሦስት የጭብጨባ ምልክት። ለጊታውም ላክሁ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። የሚገርመኝ ስታነብ ዓይኗ ከፊቴ አይነሳም። ደስታዬን ማየት ትወዳለች ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጁላይ 28

የፍየሏ መጽሐፍ ላይ አጥሚት ደፋች። አዲስ መጽሐፍ! ተቆጣሁ፤ መቆጣት አይከለከልም። በጨርቅ ጠርጌ ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩት። ገጾቹ ትንሽ ተጨማደዱ እንጂ ደህና ነው። ከእንግዲህ እስከ ፈተናው ማታ ሌሎቹን ሁለቱን ብቻ ነው የማነብላት።

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የጎረቤት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ጎማ እያሽከረከሩ በበራችን ያልፋሉ። ንዱታ መስኮቱን ታያለች።

«ማማ፣ የእኛስ መቼ ነው የሚዘጋው?»

«የእኛ ትምህርት ቤት አይዘጋም» አልኳት፣ በኩራት።

ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞርኩላት፣ ሐሳቧ እንዳይበተን።

እሑድ፣ ኦገስት 17

ሳምንት ቀረ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማዳምን አገኘኋቸው። «እንዴት ነው፣ ፈተናው ይራዘምልሽ?» አሉኝ። «ዛሬም ቢሆን ዝግጁ ነን እማማ» አልኳቸው። ንዱታ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። ማዳም እሷን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ምንም አላሉም። ሳይናገሩ ሲቀሩ የበለጠ ያናድዱኛል።

የምሄድበትን ልብስ መርጫለሁ። ነጭ ሸሚዝ አለኝ ለካ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ምን ጉድ ነው የገባሁበት።

ለመጨረሻ ልምምድ የፍየሏን መጽሐፍ ሰጠኋት። ቆማ፣ እጆቿ መጽሐፉ ላይ፣ እኔ ሻይዬን ይዤ ተቀምጬ። «ፍየሏ ድልድዩ ጋ ደረሰች» አለች። ገለጠች። «ከድልድዩ ሥር እባብ ተኝቷል» አለች። ሥዕሉን ከቦታዬ ሆኜ አየሁት። እባብ የለበትም። ፍየሏ ድልድዩን ተሻግራ ሣር ትግጣለች። ተነስቼ ቀረብኩ። በአጥሚቱ ሁለት ቅጠል ተጣብቆ አንድ ሆኗል። እባቡ ያለበት ገጽ እዚያ ውስጥ ተዘግቷል። ልጄ ግን ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ የተዘጋውን ገጽ እያነበበች ነው፤ አንድ ቃል ሳትስት።

«እባቡ የታለ?» አልኳት። አሁንም የምታየው ፊቴን ነው።

«እባቡን አሳዪኝ!»

ጣቷን ፍየሏ ላይ አደረገች።

ሦስቱንም መጻሕፍት ከኔው አፍ ነው የሸመደደቻቸው፣ ማታ ማታ፣ እቅፌ ውስጥ። ሰሌዳው ላይ ከዚያው መጽሐፍ ቃል ጻፍኩላት፤ አታውቀውም። ሌላ ጻፍኩ፤ አታውቀውም። አንዲት ቃል! ስታታልለኝ ነው የከረመችው። እኔ ደግሞ ቪዲዮ ቀርጬ ለሃምሳ ሦስት እናቶች ልኬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ተቆጣሁ። ጆሮዋን ያዝ አደረግኋት። ጥፍሬን ሳልቆርጠው ከርሜ ነበር።

አርብ፣ ኦገስት 22

ትምህርት የለም። ሳልመታው ዋለ ክዳኑ። ንዱታ ሁለት ሰዓት ላይ ሹራቧን ለብሳ መጥታ ቆመች። «ዛሬ እረፍት ነው» አልኳት። «አመመሽ?» አለችኝ።

ማታ መጽሐፍ ላነብላት ብል «አልፈልግም» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ጊታው ከናኩሩ ሲገባ ተኝታ ነበር። ጥፍሬን ቆረጥኩ።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ሁሉንም ልጻፈው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ጠዋት ለንዱታ የሱፍ ኮፍያዋን አጠለቅኩላት፣ ጆሮዋ ድረስ። ብርድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጊታው ሊያወልቅላት ሲል «ጉንፋን ይዟታል» አልኩት።

ማዳም ቤት ስንደርስ «ፈተናው ከምሳ በፊት ይጠናቀቅ» አሉ። ሦስቱን መጻሕፍት ይዤ ነበር፤ አይተው ወደ ጎን አደረጓቸው። «እነዚህን ታውቃቸዋለች» አሉ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ማለት ይሄ ነው መሰለኝ። ከመሳቢያ ትንሽ የእጅ ሰሌዳና ጠመኔ አወጡ። ልጄን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። «ድመት» ብለው ጻፉ። ልጄ ዞራ እኔን አየችኝ። «እናትሽ ፊት ላይ አልተጻፈም፣ እዚህ ነው ያለው» አሉ በቀስታ። «ውሃ» ብለው ጻፉ። አሁንም እኔን አየችኝ። በመጨረሻ አንድ ሌላ ቃል ጻፉ።

«ይሄን አውቀዋለሁ!» አለች። «ንዱታ! የእኔ ስም ነው!»

«የእኔም ነው» አሉ ማዳም። ሰሌዳውን አስቀመጡት።

እስኪስቁብኝ ጠበቅኩ። ለዚያ ተዘጋጅቼ፣ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አልሳቁም። ከእኔ ይልቅ ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ጊታው፣ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩህን ለሚስትህ ነግረሃታል?»

ጊታው ሳህን ፈለገ፤ ገና ምሳ አልቀረበም። «ምን ይነገራል?» አለ።

«የሌላውን ሰው ልጅ አንድ ስመታ አንተን ሁለት ነበር የምመታህ፣ ለልጇ ታደላለች እንዳይሉኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ እራት ላይ እንኳ ማዳም እያለ ነበር የሚጠራኝ። እማማ ብሎ አያውቅም። ዛሬም ሲቆጣ ማዳም ነው የሚለኝ። አይደል?»

«አሁን ምን አመጣው፣ ማዳም» አለ ባሌ። ወዲያው ያለውን ራሱ ሰማው። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አልነገረኝም። እኔም «እና?» ብዬ አንዴ ጠይቄ ትቼዋለሁ።

ማዳም ልጄን «ተሸንፈሻል ብዬ አልወስንብሽም። አንቺው ምረጪ። የት መማር ነው የምትፈልጊው?» አሏት። እኔ እየለመንኩ ነበር፣ በሆዴ። ቢያንስ «ሾሾ ጋ» ትበል አልኩ። እሱንም ችዬው ነበር።

«ቲቸር ሙዌንዴ ጋ» አለች።

«ምን?» አልኩ። አልቻልኩም፣ ጮህኩ። «ያቺ ጆሮሽን የቀደደችው? እሷ ጋ?»

ልጄ አላለቀሰችም። ሒሳብ ስጠይቃት እንደምታደርገው ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸውና አጠፈቻቸው።

«እዚያ አርባ ሁለት ነበርን» አለች። «ተራው ቶሎ አይደርሰኝም። እዚህ እኔ ብቻ ነኝ።»

ምሳ ቀረበ። በልተናል፣ ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም። ማዳም ስንወጣ በር ላይ ያዙኝና የልጄን ኮፍያ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ አላወለቁትም። «ቤት ውስጥም ያልወለቀው ብርዱ በርትቶ ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ጠዋት ሹራቡ እንዳጠረባት አስተዋልኩ። በሦስት ወር ውስጥ አድጋለች፤ ቀን በቀን ፊቷ ተቀምጬ ሳለ አላየሁም።

መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ሄደች። ሻይ ለቃሚዎቹ አገኙን። «ይሄውና ተመለሰች!» አሉ። አልመለስኩላቸውም። በር ላይ ቲቸር ሙዌንዴ ልጆች እየተቀበለች ቆማለች። ያንኑ ቡናማ ኮት ለብሳለች። የምነግራትን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ልጄን ብትነኪ ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው፣ እንዳትነኪያት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ንዱታ» አለቻት። «ኮፍያ ግን ከዩኒፎርም ጋር አይፈቀድም፣ ታውቂያለሽ።»

እኔ እጄን ሳልዘረጋ ንዱታ ራሷ አወለቀችው።

ቲቸር ሙዌንዴ ጎንበስ አለች። ጆሮዋን አልነካችውም፣ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ቁስሉ ገና ቅርፊቱን አልጣለም። ኤፕሪል ላይ የነበረው ከዳነ ቆይቷል፤ ይሄ በሌላው ጆሮ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

ልጄ የሴትዮዋን ጫማ አየች።

«ወድቄ ነው።»

ቲቸር ሙዌንዴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ አልወጣም። ደወሉ ተደወለ፤ የእነሱ ትክክለኛ ደወል ነው። ንዱታ እጄን ለቀቀችና ልጆቹ መሃል ገባች። አረንጓዴ ሹራብ በአረንጓዴ ሹራብ ላይ ሆኖ የትኛዋ የእኔ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።